የህንዱ «ኢ-ናም» ገበሬውን በእርግጥ ጠቅሞታል? በቅርብ የምታውቁት ንገሩን

#1 ዘመነ ከሻሸመኔ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነው። ሰሞኑን ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር አንዱ ይነሳና «ህንዶቹ ኢ-ናም በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት የግብርና ገበያ ገበሬውን ከገዢው ጋር አገናኝተው ደላላውን ከመሃል አስወጥተውታል፤ እኛ ምን እንጠብቃለን?» ይላል። ስላይድ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ለሻይ እንወጣለን።

ስላይዱ ላይ ያላየሁትን ነው የምጠይቃችሁ። እህሉ ሲሸጥ የት ተቀምጦ ነው? ጥራቱን ማን አይቶ ይመሰክራል? ብሩ በስንት ቀን ይገባል? ደላላውስ እውነት ወጥቷል ወይስ እሱም ስልክ ገዝቶ ተመልሶ ገብቷል? ህንድ የተማራችሁ፣ ከህንድ ጋር የምትነግዱ፣ ሶፍትዌሩን የምታውቁ ጻፉልኝ። «አሪፍ ነው» ወይም «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ አደራ።

#2 ኮድ ሰባሪ

ወንድሜ፣ የምታወሳስበው አንተ ነህ። የገበሬው ችግር መረጃ ነው። ዋጋ የማያውቅ ሰው በርካሽ ይሸጣል፣ ያወቀ ቀን ይከራከራል። ይህ ደግሞ እዚያው ህንድ ውስጥ የታየ ነገር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ኬረላ ውስጥ ከ1997 እስከ 2001 ድረስ የሞባይል ኔትወርክ በባሕሩ ዳርቻ ሲዘረጋ፣ ሰርዲን አጥማጆቹ ገና ጀልባ ላይ ሳሉ እየደወሉ ገዢ ያለበትን ወደብ ማጣራት ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት አጥንቶታል። ገዢ ያጣ ዓሣ መድፋት ቀረ፣ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ግድም ጨመረ፣ በላተኛው የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ግድም ቀነሰ። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ ማለት ነው።

አይ.ቲ.ሲ. የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2000 ማድያ ፕራዴሽ ላይ «ኢ-ቾፓል»ን ጀመረ። መንደሩ የሚያምነው አንድ ገበሬ ቤት ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ኔትወርኩ በሳተላይት፣ መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል። ገበሬው የአኩሪ አተሩን የዕለት ዋጋ አይቶ ከፈለገ ለኩባንያው ይሸጣል፣ ካልፈለገ ገበያ ይወጣል። ኮምፒውተሩ በገባበት አካባቢ የመደበኛው ገበያ ዋጋ ራሱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ከፍ አለ። ለምን? ነጋዴው ተፎካካሪ መጣበታ!

ኢ-ናምም የዚሁ ዘር ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 2016 በ21 ገበያዎች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ1,300 በላይ ገበያዎችን ያገናኛል፣ የተመዘገበው ገበሬ ከ17 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሰው ለቀልድ አልተመዘገበም።

#3 ሂሩት ካርናታካ

ኮድ ሰባሪ፣ መመዝገብና መሸጥ ለየቅል ናቸው። እኔ እዚህ ካርናታካ የግብርና ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፤ ርዕሱ የራሴ ሰፈር ስለሆነ ትንሽ ላርዝም።

ከኢ-ናም በፊት የነበረውን ካላያችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ክፍለ ግዛቶቹ በየፊናቸው ሕግ አወጡ፤ ገበሬው ምርቱን የሚሸጠው በመንግሥት በተከለለ የጅምላ ገበያ ውስጥ በጨረታ ይሁን የሚል። ያ ገበያ «ማንዲ» ነው። ሐሳቡ ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪና ሚዛን ከሚያጭበረብር ነጋዴ ለመጠበቅ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን በየማንዲው ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ጥቂት ሆነው ቀሩ፤ ፈቃዱ ደግሞ የሚሠራው ለዚያች አንዲት ገበያ ብቻ። አጠገብ ከተማ ያለ ገዢ መጥቶ መጫረት አይችልም። ጥቂት ሰዎች በየቀኑ ፊት ለፊት እየተያዩ ሲጫረቱ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የተነካው ሕጉ ነው። አንድ ክፍለ ግዛት ኢ-ናም ውስጥ ለመግባት በመላ ግዛቱ የሚሠራ አንድ የንግድ ፈቃድ መስጠት፣ የገበያ ክፍያውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማስከፈልና በኤሌክትሮኒክ መጫረትን በሕግ መፍቀድ አለበት። ስላይዱ ላይ ይህ እንደማይኖር እወራረዳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ጭነቱን ይዞ ማንዲው በር ላይ ሲደርስ ስሙ፣ የምርቱ ዓይነትና ግምታዊ ክብደቱ ተመዝግቦ የሎት (የጭነቱ መለያ) ቁጥር ይሰጠዋል። ናሙና ይወሰድና እርጥበቱ፣ ባዕድ ነገሩ፣ የተሰባበረው ፍሬ ይለካል። ውጤቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ነጋዴው በስልኩ ወይም በኮምፒውተር ዋጋ ያስገባል። ሰዓቱ ሲያልቅ ያሸነፈው ዋጋ ይገለጻል፤ ገበሬው ካልተስማማው እንቢ የማለት መብት አለው። ከተስማማ ይመዘናል፣ የሽያጭ ሰነድ ይወጣል፣ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ደብተሩ ይገባል። ይህ በወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

ካርናታካ ይህን ከፌዴራሉ ቀድማ በ2014 ጀምራዋለች፤ መንግሥቱ ከአንድ የምርት ገበያ ኩባንያ ጋር እኩል በእኩል ሽርክና አቋቁሞ። እዚህ ነጋዴው ዋጋውን ሲያስገባ የሌላውን አያይም። ድሮ በብዙ ማንዲዎች ዋጋ የሚነገረው በጨርቅ ስር በጣት ንክኪ ነበር፤ ገበሬው አጠገቡ ቆሞ የራሱ እህል በስንት እንደተጠየቀ አያውቅም። ከዚያ አንፃር ትልቅ ለውጥ ነው። በጥናት የታየውም ጥሩ ነው፦ ሩዝ በአማካይ 5.1 በመቶ፣ ለውዝ 3.6፣ በቆሎ 3.5 በመቶ ዋጋ ጨምሯል። በሁሉም ሰብል ግን እኩል አልሆነም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ ዘመነ። በብዙ ቦታ ጨረታው እንደ ድሮው በአፍ ይካሄድና ውጤቱ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ሪፖርቱ ላይ «በኢ-ናም ተሸጠ» ይላል። ናሙና መመርመሪያው ክፍል ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ በመከር ሰሞን ስንት መቶ ጭነት በአንድ ጠዋት ሲደርስ ሁለት ሠራተኛ የቱን ይመረምራል? ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚደረገው ግብይት ደግሞ የተጀመረው በ2019 መግቢያ ነው፤ የባሬሊ ነጋዴ ከሃልድዋኒ ገበሬ ቲማቲም ገዝቶ። እስካሁንም ከጠቅላላው ሽያጭ ጥቂቱ ብቻ ነው። ፈረንሳይን አምስት ጊዜ በምታክል አገር እህሉን ሳያይ ከሺህ ኪሎሜትር ላይ የሚገዛ ሰው አይበዛም።

#4 ጅጅጋዊ

በጨርቅ ስር በጣት መደራደሩ የህንድ ብቻ አይደለም ሂሩት። እኛ ጋ ግመል የሚሸጠው እስካሁን እንደዚያው ነው። እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ላዩ በፎጣ ተሸፍኖ። ልዩነቱ የእኛ ሰው የራሱን ግመል የሚያሻሽጥለትን ደላላ ራሱ መርጦ ነው የሚያመጣው።

#5 ጋሽ ታደሰ (ጥራጥሬ)

ልጆቼ፣ ጥሩ እየተወያያችሁ ነው። ማሾና ቦሎቄ ወደ ህንድ ስልክ ኖሬያለሁ፤ ከህንዶቹ ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ከኮምፒውተሩ በፊት አንድ ሰው አለ፣ እሱን ልንገራችሁ።

ፑንጃብ ላይ «አርቲያ» ይሉታል፤ የኮሚሽን ነጋዴ ነው። ስንዴና ሩዝ ሲሸጥ ኮሚሽኑ ለረጅም ጊዜ 2.5 በመቶ ነበር። እናንተ «ደላላ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ለገበሬው ግን ባንክ ነው። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለናፍጣ ያበድረዋል። ልጅ ሲዳር ያበድረዋል። ሰው ሲታመም ሌሊት በሩን አንኳኩቶ ብር የሚወስደው ከእሱ ነው፤ ባንክ በሌሊት አይከፍትም፣ ደብተርህን አምጣ፣ ዋስ አምጣ ይላል። አርቲያው ወረቀት አይጠይቅም። ዋሱ መጪው መከር ነው።

እንግዲህ ይህ ገበሬ ስልኩ ላይ መቶ ኪሎሜትር ርቆ ያለ ገዢ በኩንታል መቶ ሩፒ ጨምሮ ሲያይ ምን ያደርጋል? ምንም! ምርቱን ሌላ ቦታ የሸጠ ቀን በሚቀጥለው ክረምት ማን ያበድረዋል? ወለዱ በዋጋው ውስጥ ነው የተደበቀው፣ እሱም ያውቀዋል። መረጃ አጥቶ መሰላችሁ?

በ2021 የህንድ መንግሥት ለፑንጃብ ገበሬ የስንዴውን ድጋፍ ዋጋ (መንግሥት አስቀድሞ አውጆ የሚገዛበትን ዋጋ) በአርቲያው በኩል መክፈሉን ትቶ በቀጥታ ባንክ ደብተሩ እንዲገባ አደረገ። ጥሩ አደረገ። ዕዳው ግን በዚያ አልተሰረዘም።

የእኛም ገበሬ ሰብሉ ማሳ ላይ ቆሞ እያለ ለሰብሳቢው ተዋውሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዘመነ፣ ዩኒየናችሁ መተግበሪያ ከማሠራቱ በፊት አባሎቻችሁ በሐምሌና በነሐሴ ከማን እንደሚበደሩ ጠይቅ።

#6 ኮድ ሰባሪ

ጋሼ፣ የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ግን ይህ እኮ በቴክኖሎጂ የሚፈታ ነው። ህንዶቹ የመጋዘን ደረሰኙን ኤሌክትሮኒክ አድርገውታል። ገበሬው እህሉን ፈቃድ ባለው መጋዘን ያስገባል፣ ደረሰኙ ባንክ ላይ መያዣ ይሆንለታል፣ ብድሩን ወስዶ ዋጋ እስኪያገግም ይጠብቃል። ከ2020 ወዲህ ከመጋዘኑ ሳይወጣ በኢ-ናም መሸጥም ይችላል። አርቲያው የት ሄደ?

#7 ሂሩት ካርናታካ

ሥርዓቱ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ደረሰኝ የሚያስይዘው የተረፈው ነው። ከህንድ ገበሬ 86 በመቶው ከሁለት ሄክታር በታች ነው ያለው። መከር በገባ ሳምንት ዕዳ የሚከፍል፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው አምስት ኩንታል ይዞ መጋዘን ፍለጋ አይሄድም፤ ማጓጓዣው ራሱ ይበላዋል። የሚጠቀምበት ወይ ትልቁ ገበሬ ነው ወይ ነጋዴው ራሱ።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የሚታመነው ከኋላው እህል ካለ ነው። ናሽናል ስፖት ኤክስቼንጅን አስታውሱ። ሙምባይ ላይ ያለ የኤሌክትሮኒክ የምርት ገበያ ነበር፤ ስክሪኑም ደረሰኙም ነበረው። ጁላይ 31 ቀን 2013 ግብይቱን አቆመ። 13,000 የሚሆኑ ገንዘብ አስገቢዎች 56 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ተይዞባቸው ቀረ። መጋዘኖቹ ሲከፈቱ አለ የተባለው ምርት አብዛኛው አልነበረም! ከገበሬው ጋር እምብዛም የማይገናኝ የባለሀብቶች ጨዋታ ነበር፣ እሱ ልክ ነው። ግን «ኤሌክትሮኒክ ነውና ግልጽ ነው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ የማስታውሰው ይህን ነው።

#8 መንገደኛ77

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። ያ ሁሉ የህንድ ገበሬ ትራክተር ይዞ ዴልሂን የዘጋው በዚህ ጉዳይ አይደለም እንዴ? ነፃ ገበያ ቢሰጠው እንቢ ያለ ሕዝብ እኮ ነው።

#9 ሂሩት ካርናታካ

@መንገደኛ77 ነገሩ ከዚያ ይሰፋል ግን አዎ፣ ይገናኛል። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ሦስት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ከማንዲው ግቢ ውጭ፣ በኤሌክትሮኒክ መድረክም ጭምር፣ የግብር ከፋይ ካርድ ያለው ማንም ሰው ከገበሬ እንዲገዛ ፈቀደ፤ ከማንዲ ውጭ ሲሆን የገበያ ክፍያ የለም። ክፍያው በዕለቱ፣ ቢዘገይ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይፈጸም ይላል። ጠብ ቢነሳ ግን ገበሬው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ወረዳ አስተዳዳሪ ነው የሚሄደው።

የፑንጃብና የሃርያና ገበሬ የፈራው ግልጽ ነው። ከግቢው ውጭ ክፍያ ከሌለ ገዢው ሁሉ ውጭ ይወጣል፤ ማንዲው ባዶውን ይቀራል፤ ማንዲው ከሞተ መንግሥት በድጋፍ ዋጋ የሚገዛበት ቦታም አብሮ ይሞታል። ለስጋታቸው ቢሃርን ይጠቅሱ ነበር። ቢሃር የማንዲ ሕጓን በ2006 ሰርዛለች፤ ይመጣል የተባለው የግል ገበያ በተባለው ልክ አልመጣም። የቢሃር ሩዝ በነጋዴ ተጭኖ ፑንጃብ ይገባና በድጋፍ ዋጋ ይሸጣል የሚል ክስ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ኖቬምበር 26 ቀን 2020 ዴልሂ ደጃፍ ደርሰው ሲንጉና ቲክሪ ላይ ሰፈሩ። ከዓመት በኋላ ኖቬምበር 19 ቀን 2021 ሞዲ ሕጎቹን እንደሚያነሳ ተናገረ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ፓርላማው ሻራቸው። ስለዚህ «ነፃነት እንቢ አሉ» የሚለው አነጋገር አይመቸኝም። ያላቸውን አንድ አስተማማኝ ገዢ ላለማጣት ነው የተከራከሩት።

#10 ዳኘው

እኔ ስለ ህንድ አላውቅም፣ ግን የእኛን ምርት ገበያ ቀደም ሲል በናሙና ደረጃ አወጣጥ ሥራ አውቀዋለሁ። ሰው ለምን እንደሚረሳው አላውቅም፤ እኛ እኮ ይህን በፈረንጆቹ 2008 ጀምረነዋል። መጋዘን፣ ደረጃ፣ ደረሰኝ፣ በማግስቱ ክፍያ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በጩኸት የነበረው ጨረታ ወደ ኮምፒውተር ተቀየረ። በማግስቱ መክፈሉ ለብቻው ተዓምር ነበር፤ ቀድሞ አቅራቢ ቡናውን ሰጥቶ ላኪውን ሲለምን ይከርም ነበር።

ግን ልብ በሉ፣ መጋዘኑ ድረስ የሚመጣው አቅራቢው ነው እንጂ ገበሬው አይደለም። በተለይ የአነስተኛው ገበሬ ምርት የሚሰበሰበው መንደር ላይ ነው፤ ሚዛኑም ዋጋውም እዚያ ያልቃል። ህንዶቹ በዚህ ይበልጡናል፤ ገበሬው ራሱ ማንዲው ድረስ ይመጣል፣ ውጤቱን በዓይኑ ያያል፣ እንቢ ይላል። የእኛ ክፍያና መጋዘን ከእነሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ቡና ላይ ደግሞ በደረጃ ሲደባለቅ የማን ማሳ እንደሆነ ይጠፋ ስለነበር በ2017 አዋጁ ተሻሽሎ በቀጥታ የመሸጥ በር ተከፈተ።

#11 ደይራ

ዱባይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እዚህ ጥራጥሬ የሚያገበያዩት ህንዶች ጥቂት ስልክና ብዙ ትውውቅ ይዘው ነው የሚሠሩት። ዋጋ በዋትሳፕ ይላካል፣ ናሙና በፖስታ ይመጣል፣ የማያውቁትን ሰው ጭነት መጀመሪያ ትንሽ አድርገው ይገዛሉ። አገራቸው ስንት መተግበሪያ እንዳለ አያጡትም፤ ለማያውቁት ሰው ግን ገንዘብ አይለቁም። ጋሽ ታደሰ ያውቋቸዋል።

#12 ጋሽ ታደሰ (ጥራጥሬ)

አውቃቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ማሾ የሚዘራ የእኛ ገበሬ ዋጋው የሚወሰነው በከፊል ዴልሂ ላይ ነው። ህንድ በ2017 የጥራጥሬ ማስገቢያን በኮታ ወሰነች፤ በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ የማሾን ማስገቢያ ከነፃ ወደ ገደብ አዛወረች። እንዲህ ያለ ውሳኔ በአንድ ማታ ይወጣል፤ በነጋታው እዚህ ያለው ገዢ እጁን ይሰበስባል። የራሳቸውም ሰው አልተረፈም። በዲሴምበር 2021 ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ማሾ ከሚገኙባቸው ሰባት ምርቶች ላይ የወደፊት ውል ግብይት (ወደፊት የሚረከቡትን ምርት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ መገበያየትን) አገዱ፣ የምግብ ዋጋ ንሮ ስለነበር። ገበሬው ዋጋ ሊያገኝ ሲል ለከተሜው ሲባል ገበያው ይዘጋል። ይህን ምን ዓይነት ስልክ ይፈታዋል?

#13 ኮድ ሰባሪ

እሺ ጋሼ፣ ፖለቲካውን ስልክ አይፈታውም። ግን እዚያው ህንድ ውስጥ የተሳካላቸውን ትተን በወደቀው ብቻ አንፍረድ። ኒንጃካርት ባንጋሎር ላይ በ2015 ተነስቶ አትክልት ከገበሬ እየሰበሰበ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያደርሳል። ዴሃት ፓትና ላይ ዘርና ማዳበሪያ ይሸጣል፣ ምክር ይሰጣል፣ ምርቱን ይገዛል። ኒዛማባድ የእርድ ገበያም በኢ-ናም ሥራው ሁልጊዜ በምሳሌነት ይነሳል።

#14 ሂሩት ካርናታካ

ምሳሌዎችህ ለእኔ ነው የሚያግዙኝ :) ኒንጃካርት መሰብሰቢያ ማዕከል፣ ሳጥንና መኪና ነው፤ ሶፍትዌሩ መኪናው በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ነው የሚወስነው። ዴሃት ደግሞ በየመንደሩ ሰው አለው፣ ዘሩንም የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ማለትም ጋሽ ታደሰ ያሉትን የአርቲያውን ሥራ ከፊሉን ተረክቦታል። ኒዛማባድ ላይ ያለው እርድ ነው፤ ደረቅ፣ የማይበላሽ፣ ከሩቅ የሚፈለግ፣ ብዙ ገዢ አንድ ቦታ የሚሰበሰብለት። ቲማቲም ላይ ያንኑ ሞክረው፤ ናሙናው ተመርምሮ ጨረታው እስኪያልቅ ይፈሳል።

#15 ዘመነ ከሻሸመኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ታደሰ በተለይ እርስዎን። የእኛ ነገር እንግዲህ ስንዴ፣ በቆሎና ድንች ነው። ዩኒየኑ መጋዘን አለው፤ ማዳበሪያም በእኛ በኩል ይከፋፈላል። የቀረበው ሐሳብ ገበሬው በየግሉ ስልኩ ላይ ምርቱን ለጥፎ ገዢ እንዲመጣለት ነው። ሂሩት፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸዋለሽ?

#16 ሂሩት ካርናታካ

ድንቹን ለጊዜው ተዉት። ስንዴና በቆሎው ላይ ገበሬው በየግሉ ሳይሆን ዩኒየኑ ሰብስቦ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ በትልቅ ሎት ይጫረት። ህንድ እኮ በፌብሩዋሪ 2020 አሥር ሺህ የገበሬ አምራች ማኅበራት ለማቋቋም ፕሮግራም የጀመረችው ትንሹ ገበሬ ብቻውን ስክሪን ላይ ምንም እንደማያመጣ ስላየች ነው። እሷ አሁን የምትሠራውን እናንተ ቀድሞውኑ አላችሁ።

ከዚያ ገንዘቡ ላይ ተከራከሩ። ህንድ ውስጥ ሶፍትዌሩን ፌዴራሉ ለክፍለ ግዛቶቹ በነፃ ነው የሚሰጠው። ለእያንዳንዱ ማንዲ ይሰጥ የነበረው ድጎማ መጀመሪያ 3 ሚሊዮን ሩፒ ነበር፣ በኋላ ወደ 7.5 ሚሊዮን ያደገው ለማበጠሪያ፣ ለደረጃ ማውጫና ለመሳሰለው ቦታ ያስፈልጋል ተብሎ ነው። የእናንተ በጀት ተገልብጦ አብዛኛው ለመተግበሪያው ከሆነ ጥያቄ አንሳ። የእርጥበት መለኪያ ስንት ነው የሚገዛው? ናሙና የሚወስደው ሰው ደመወዙን ከማን ያገኛል? ከገዢው ከሆነ አይሆንም።

#17 ጋሽ ታደሰ (ጥራጥሬ)

እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ምርቱ መጋዘን በገባ ዕለት ከዋጋው ግማሹን እንኳ ቀብድ መስጠት ካልቻላችሁ ገበሬው ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል፤ አትፍረዱበት። ከባንክ ጋር የምትነጋገሩት ስለዚያ ይሁን።

#18 ዘመነ ከሻሸመኔ

ቀብዱን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ ጋሼ። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ክር አትሞ ያንብብ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ስማችሁ እንደሆነ የብዕር ነው።

#19 ኮድ ሰባሪ

ዘመነ አንድ ጥያቄ። መጋዘናችሁ ያለው ሚዛን ዲጂታል ነው?

#20 ዘመነ ከሻሸመኔ

አይደለም። የድሮው ባለ ድንጋይ ነው። ሁለት አሉን፣ አንዱ ተበላሽቷል።

#21 ኮድ ሰባሪ

በል እንግዲያው መጀመሪያ ሚዛኑን አስገዛ። ሲመዝን ራሱ ደረሰኝ የሚያትም፣ ክብደቱን ለገበሬው በአጭር መልእክት የሚልክ አድርጌ የማገናኘውን ፕሮግራም በነፃ እሠራልሃለሁ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ደውል።